ከመረብ በፊት ሳህን
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ ያሰማው ንግግር)







ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ጤፍና ስንዴ ግብይት፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው ገልጸዋል። እኔ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ዓሣ ነው። «የቢቸና ገበሬ ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ከኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ ይዤ ስመጣ ያሰብሁት እንደዚሁ ነበር። ነገር ግን አገራችን ከጮቄ እስከ ዓባይ ቁልቁለት ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ወንዝ የማይነካው ቀበሌ ጥቂት ነው። መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል መረብና መንጠቆ ይዘው ወደ ወንዝ የሚወርዱ አሉ። በዚህ ሥራ ላይ ያሉት ወጣቶች ከማንኛውም ነገር በላይ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ውኃው ዛሬ እንዴት ነው? እንውረድ ወይስ እንቅር?» ይላሉ። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ነው።

የእኔ ስሕተት

በመጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልናገር። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ስምንት ወጣቶች ተደራጅተው በብድር መረብ ገዙ። ሥልጠና ስጠን ሲሉኝ «ውኃው ሲጠራ ግቡ፤ ሲደፈርስ ውጡ» አልኋቸው። አጭርና ግልጽ ስለ ነበር ወደዱት። ይህ ምክር ግን ሁለት ጊዜ ጎዳቸው።

የመጀመሪያው ጉዳት በመስከረም ነበር። ወንዙ ገና ቡና መልክ ስለ ነበረ ልጆቹ ምክሬን ሰምተው ወሩን ሙሉ ቤት ተቀመጡ። በዚያው ወር ከቆላ የመጡ ሰዎች አምባዛ በዘንግ ተሸክመው ገበያ ሲሸጡ አየን።

ሁለተኛው የከፋ ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱሃ ወንዝ ላይ ወርደን መረብ ዘረጋን። ውኃው ጠጠሩን ያሳያል። በላያችን ያለው ሰማይ ጠርቷል፤ በጮቄ በኩል ግን ጠቁሯል። አህዮቻቸውን ውኃ ሊያጠጡ የወረዱ አንድ አባት ከዳር ሆነው ተጣሩ፤
«አንተ ልጅ! ልጆቹን አውጣቸው!»
«አባቴ፣ ውኃው እኮ ጥሩ ነው» አልኋቸው።
«ውኃውስ ጥሩ ነው። የተሸከመውን ግን እየው!» አሉኝ።

ዝቅ ብዬ ሳይ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባና አረፋ በውኃው ላይ ይሄዳል። ከጥቂት ጊዜ በፊት አልነበረም። ልጆቹን ጠርቼ ወጣን። መረቡ ከድንጋይ ጋር ስለ ታሰረ ለመፍታት ጊዜ አልነበረንም። ዳገቱን ሳንጨርስ ጉልበታችን ድረስ የነበረው ውኃ ሊጥ መስሎ ሰው የሚያሰጥም ሆነ። መረቡን ወሰደው። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። የመረቡን ዕዳ ግን ልጆቹ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ የቀን ሥራ እየሠሩ ከፈሉ። የእኔ ደመወዝ አልተነካም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

በሳምንቱ እኒያን አባት ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቡና እየጠጣን ያስረዱኝን፣ በኮሌጅ ከተማርሁት ጋር አዋሕጄ ከወጣቶቹ ጋር በሥራ ስንፈትነው ቆይተናል። አሁን የማቀርብላችሁ እርሱን ነው። ወንዝ ዳር ስትደርሱ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ውኃው ምን ያህል ያሳያል? እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ምን ተሸክሟል?

አንደኛ፣ ውኃው ምን ያህል ያሳያል?

ዓይን ያታልላል። ጠዋትና ቀትር ላይ አንዱ ውኃ የተለያየ ይመስላል። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል። አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 ነጭ ሳህን በገመድ ወደ ባሕር እያወረደ፣ ሳህኑ ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት በመለካት የውኃን ጥራት መዘነ። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የሐይቅ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት በዚሁ ዘዴ ነው።

እኛም በቤታችን ልንሠራው እንችላለን። ያረጀ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን በቀጭን የባሕር ዛፍ ዘንግ ጫፍ ላይ በሚስማር ምቱ። ዘንጉን በየስንዝሩ በቢላዋ ምልክት አድርጉበት። በቀትር ገደማ፣ ውኃው ረጋ ባለበት ስፍራ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ከዳር ሆናችሁ አውርዱት። ሳህኑ የጠፋበትን ምልክት ያዙ። ቀስ ብላችሁ ስታወጡት እንደገና የታየበትንም ያዙ። የሁለቱ መካከል ልካችሁ ነው። ለመለካት ብላችሁ ወደ ውኃው አትግቡ፤ በተለይ ዓባይ ላይ አዞና ጉማሬ መኖሩን ታውቃላችሁ።

እኔና ወጣቶቹ ለልኩ አራት ስም አውጥተናል። ሳህኑ ከሁለት ክንድ በታች ወርዶም ከታየ «ምንጭ» እንለዋለን። ከአንድ ክንድ እስከ ሁለት ክንድ ከታየ «ብርዝ» ነው። ከስንዝር እስከ ክንድ «ጉሽ» ነው። ስንዝር ሳይሞላ ከጠፋ «ሊጥ» ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ሃይላንድ ነው። የወንዙን ውኃ በባዶ ሃይላንድ ቅዱና በድንጋይ ላይ አቁሙት። ደለሉ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ ከታች ከተኛ፣ የያዘው አሸዋና ሻካራ አፈር ነው፤ ዝናቡ ካቆመ ወንዙ ቶሎ ይጠራል። በማግስቱም እንደ ደፈረሰ ካደረ ግን የያዘው ልም ሸክላ ነው። የዋልካ መሬት ውኃ እንዲህ ነው፤ ለመጥራት ብዙ ቀን ይፈጃል። ውኃው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ጭቃ አይደለም። ፀሐይ፣ ፍግና ማዳበሪያ ያበቀሉት ዋቅላሚ ነው። ቆሮሶ እርሱን ስለሚበላ አረንጓዴ ውኃ አይሸሽም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጥሩ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ውኃ አይደለም። ጠጠሩ ስለ ታየ ብቻ አትጠጡት። ቢልሃርዚያም ቀስ ብሎ በሚሄድና በጠራ ውኃ ውስጥ ይኖራል።

ሁለተኛ፣ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?

ከሦስቱ ጥያቄዎች ነፍስ የሚያድነው ይህ ነው። ጉሽ ውኃ ሲጨምርና ጉሽ ውኃ ሲቀንስ መልኩ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን የተለያየ ነው። እየቀነሰ ያለ ጉሽ ዓሣ ይሰጣል። እየጨመረ ያለ ጉሽ ሰው ይወስዳል።

መለያው ቀላል ነው። እንደ ደረሳችሁ በውኃው ጠርዝ ላይ ችካል ትከሉ። መንጠቆና ትል እስክታዘጋጁ ድረስ ተዉትና ተመልሳችሁ እዩት። ችካሉ ከውኃው ርቆ በደረቅ ላይ ከቆመ ውኃው እየሸሸ ነው፤ ሥሩ። ውኃው ከችካሉ አንድ ጣት እንኳ ከሸፈነ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ውጡ።

ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ዓባይ በደጀን ድልድይ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ወንዞቻችን ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርዱት በአጭር መንገድ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ላይ ሲጥል፣ ታች ያለው ሰው በፀሐይ ውስጥ ቆሞ ጎርፍ ይደርስበታል። ከሞጣ በታች ያለውን ሰባራ ድልድይ አስቡት። በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ጊዜ የተሠራው ይህ ድልድይ መሐሉ ከተቆረጠ ብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠግኖ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓባይ ሙላት ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። ብረት ያልቻለውን ውኃ የሰው ጉልበት አይችለውም።

ሦስተኛ፣ ምን ተሸክሟል?

ሙላት ከመድረሱ በፊት መልእክተኛ ይልካል። በዳር ተከማችቶ የነበረ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ ፋንድያና አረፋ መንሳፈፍ ይጀምራል። ውኃው የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸታል። ድምፁም ይለወጣል፤ ይጎረብጥ የነበረው ወደ ማጓራት ይሄዳል። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ፣ ሳህኑ ሁለት ክንድ ቢያሳይም አትመኑት። እኔ ያልመረመርሁት ይህን ነበር።

እንደ ውኃው ማጥመድ

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ።

ውኃው ምንጭ ሲሆን እናንተ ዓሣውን ታያላችሁ፤ ዓሣውም እናንተን ያያል። ጥላችሁ ከወደቀበት ይሸሻል፤ የእግር ኮቴም ይሰማል። እንዲህ ባለው ጊዜ በጎሕና በምሽት ሥሩ። ቀጭን ክርና ትንሽ መንጠቆ ያዙ። ከቁጥቋጦ ኋላ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። መረብ ከሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ዘርጉ፤ ሳይነጋ አንሡ። በቀትር በጠራ ውኃ ላይ የተዘረጋ መረብ ለዓሣው አጥር ማለት ነው፤ ዞሮት ይሄዳል።

ውኃው ብርዝ ሲሆን ለቆሮሶና ለነጭ ዓሣ የተመቸ ነው። ምግቡን ያያል፤ ክሩንና መረቡን ግን አጥርቶ አያይም። ቀንም ይሠራል።

እየቀነሰ ያለ ጉሽ የአምባዛ ጊዜ ነው። አምባዛ በዓይኑ አይተማመንም። ስምንት ጢሞች አሉት፤ በእነርሱ እየዳሰሰና እያሸተተ በጨለማም በድፍርስም ምግቡን ያገኛል። ስለዚህ ሽታ ያለው ነገር ስጡት፤ የምድር ትል ወይም የበግ ሆድ ዕቃ ይወዳል። መሐል ወንዝ ላይ አትድከሙ። ውኃው ሲበረታ ዓሣ ጉልበቱን ለመቆጠብ ወደ ዳር፣ ከትልቅ ድንጋይ በስተኋላ፣ ሣር ወደ ተኛበት ረግረግ ይጠጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ስፍራ ደግሞ የጠራ ገባር ከደፈረሰ ወንዝ ጋር የሚገናኝበት ነው። ሁለቱ ውኃዎች ጥቂት መንገድ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ድንበራቸው በዓይን ይታያል። መንጠቆውን በዚያ ድንበር ላይ፣ በጠራው በኩል ጣሉ። ዓሣው ከጭቃው ወጥቶ የሚተነፍሰው፣ የሚመጣለትንም ምግብ የሚጠብቀው እዚያ ነው።

ውኃው ሊጥ ሲሆን መረቡ ዓሣ ሳይሆን ግንድና ቁጥቋጦ ይይዛል፤ ይቀደዳልም። ያን ቀን ቤት ሆናችሁ መረብ ጠግኑ።

የጠራ ውኃ ፈተና

ከጥር እስከ ሚያዝያ ወንዞቻችን ይጎድላሉ፤ ተቆራርጠው ኩሬ ይሆናሉ፤ ይጠራሉም። ዐቢይ ጾምም በዚሁ ጊዜ ይገባል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተዋለሁ፤ የከተማ ገበያ ግን በዚያ ጊዜ ዓሣ ይፈልጋል። ዓሣው በኩሬው ውስጥ ይታያል፤ መንጠቆ ግን እምቢ ይላል። ፈላጊ አለ፤ የሚታይ ዓሣ አለ፤ የሚያዝ ዓሣ የለም። በዚህ ጊዜ ነው አንዳንድ ሰው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወደ ኩሬው የሚበትነው።

ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። ለገበያ የሚሆነው አሥር ሲለቀም ጣት የማታህለው ጫጩት ሁሉ ሞታ ትቀራለች። ዓሣው የሚመገባቸው የውኃ ነፍሳትም ያልቃሉ። ያ ኩሬ በክረምት ወንዙን መልሶ የሚሞላ የዘር ጎተራ ነበር። ዘሩን ለምግብ ያዋለ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚገጥመው ለእናንተ መንገር አያሻኝም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የወንዝ ዓሣ ጠባቂ የሌለው ሀብት አይደለም፤ ክልላችንም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቷል። የጠራ ውኃን በምሽትና በጎሕ መሥራት የቻለ ወጣት ብርብራ አያስፈልገውም። ሳህን መለካትን የማስተምርበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም እውነት አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ወደ ላይ ይወጣል፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ንጹሕ ጠጠር ባለበት ገባር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ስለዚህ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ውኃው ለማጥመድ ሲመች፣ ዓሣው እየወለደ ነው። በጣና ሐይቅ የሆነውን እናስታውስ። በሐይቁ ያሉት አሥራ አምስት የትልልቅ ነጭ ዓሣ ዝርያዎች በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ለመውለድ ወደ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ መረብ ስለ ተዘረጋባቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች ዘግበዋል። ይህ የሆነው በትልቁ ሐይቅ ነው። የእኛ ትንንሽ ወንዞች ከዚያ ቀድመው ያልቃሉ። እንግዲህ በመስከረም አምባዛውን ፈልጉ። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በመረብ አትዝጉ፤ ግማሹን ክፍት ተዉ። የገባር አፍ ላይ መረብ አትዘርጉ። እንቁላል የያዘች ነጭ ዓሣ በመንጠቆ ብትመጣ መልሷት።

ድፍርሱ ከየት መጣ?

በመጨረሻ ዓሣ ለማያጠምደው ለብዙኃኑ አባላችን የምለው አለኝ።

ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ሰምተን አድገናል። በሃይላንዱ ግርጌ የሚተኛው ግን ግንድ አይደለም፤ ማሳችን ነው። በደምበጫ አካባቢ ያለው የአንጀኒ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1976 ዓ.ም ጀምሮ ከአነስተኛ ተፋሰስ የሚወጣውን ውኃና ደለል ሲለካ ቆይቷል። በዚያና በሌሎች የደጋ ተፋሰሶች የታየው ነገር ከዓሣ አጥማጁ ሳህን ጋር ይስማማል። ወንዙ አብዝቶ የሚደፈርሰው ውኃው በሚበዛበት በነሐሴ ሳይሆን በክረምቱ መጀመሪያ ነው። በሰኔና በሐምሌ ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ የታረሰው መሬት ራቁቱን ነው፤ ዝናቡ እንዳገኘው ያጥበዋል። በነሐሴ ቡቃያው መሬቱን ሲሸፍን ውኃው ቢበዛም ድፍርሱ ይቀንሳል።

እኔም በትንሹ አይቻለሁ። በአንድ ቀበሌ ሁለት ጎረቤት ጅረቶች አሉ። የአንዱ ተዳፋት እርከን አለው፤ በዳሩም ሣር ተትቶለታል። የሌላው እስከ ጅረቱ አፋፍ ድረስ ይታረሳል። ሁለቱም ላይ በአንድ ሌሊት ዘነበ። በአንደኛው ሳህኑ በማግስቱ ክንድ ያህል ታየ። በሌላው ስንዝር ለማየት አራት ቀን ጠበቅሁ።

ከአፈሩ ጋር የሚሄደው ምንድን ነው? ከዩኒየናችን መጋዘን በብድር የወሰድነው ማዳበሪያ ነው። በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ አፈሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ያው ልም አፈር በጠጠር መካከል የተጣለውን የነጭ ዓሣ እንቁላል ይደፍነዋል። ከዚያም አልፎ ወደ ግድብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው የሱዳኑ ሮዛሪስ ግድብ በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ ውኃ የመያዝ አቅሙን ሲሶ ያህል በደለል አጥቷል። ዛሬ ከእርሱ በላይ፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የራሳችን የሕዳሴ ግድብ አለ። ደለላችን አሁን የሚያርፈው እዚያ ነው።

ማሳሰቢያዎቼ

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

1ኛ፣ ወንዝ የሚያዋስነው እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ የሳህን ዘንግና አንድ ደብተር ይኑረው። ወጣቶቹ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሰዓት ለክተው ቀኑንና ልኩን ይጻፉ። ወጪው ከአንድ ኪሎ ሚስማር አይበልጥም።

2ኛ፣ የቀበሌ አመራሮች ብርብራ በሚበትነው ላይ እርምጃ ውሰዱ። ነገር ግን ከቅጣቱ በፊት በጎሕና በምሽት ማጥመድን የሚያሳይ ሥልጠና ይሰጥ። እኔ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

3ኛ፣ አባላት ሆይ፣ ከጅረት ዳር ጥቂት ክንድ ሣር ተዉ። ከብቱም ይበላዋል፤ አፈሩም ይቆማል።

መረባቸውን ያጡት ስምንቱ ወጣቶች ዛሬ ከእኛ ጋር በዚህ አዳራሽ አሉ። ዕዳቸውን ከፍለው ሌላ መረብ ገዝተዋል። የሳህኑን ዘንግ ይዘው ስለ መጡ፣ ከምሳ በኋላ ማየት ለሚፈልግ በደጅ ያሳያሉ። ችካል መትከሉን ያስተማሩኝ አባትም አብረው መጥተዋል፤ ጥያቄ ያለው ከእኔ ይልቅ እርሳቸውን ይጠይቅ።